አምስት ዋት

ሠራተኛ ሰፈር፣ ግማሹ ፈርሶበት በቀረው ግቢ ውስጥ፣
በጭቃ ግድግዳ፣ በድሮ ጋዜጣ በተሠራ ልባጥ፣
ከራስጌዬ ወዲያ፣ አንድ ክንድ አልፎ ነው
ጋሽ ደምመላሽ ያሉት፤ ባንክ ሲጠብቁ አድረው
ፀሐይ ስትወጣ የሚተኙ ሰው።
ሃምሳ ዋት ለአዳራሽ፣ መቶ ዋት ለሜዳ፤
አምስት ይበቃዋል ለጭቃ ግድግዳ።

ቫልቮላ ፍለጋ ጋሽ አጥናፍሰገድ ዘንድ፣
ፒያሳ፣ ወርቅ ቤቶች ጀርባ በሚያስገባው ጠባብ መንገድ።
አንድ ሬዲዮ አወረዱ፣ እንጨት የለበሰ፣
ሆዱን አይጥ ጎጆ የሠራችበት፣ ጨርቁ የበሰበሰ።
በካቻቢቴ ፈቱት፤ አቧራውን እፍ አሉና
ሦስት የመስታወት ጣት መዳፌ ላይ አኖሩ።
«ነፍስ አላቸው» አሉ።
«ስንት ልክፈል?»
«ሲጮህ ትደውይልኛለሽ።»
ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
«ኤሌክትሪክ ዘመድ የለውም። ሦስት መቶ ቮልት ስትለኪ
አንድ እጅሽ ኪስ ይግባ፤ በሁለት እጅ አትንኪ።»
የሌባ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ጫፉ ነጭ ነው፣ አይሰማውም።
የእኔ ቀሚስ ደግሞ ኪስ አልነበረውም።
ያን ማታ ከመበየጃው በፊት መርፌ አነሳሁ፤
ለግራ እጄ ቤት ሠራሁ።

ሻሲው የዳቦ ቤት ትሪ ነው፣ ከምናለሽ ተራ በኪሎ የተገዛ፤
ጥጉ ላይ ያረረ ሊጥ አለ፣ ስንት ዓመት እንደሆነው እንጃ።
ትራንስፎርመሩን እኔው ጠመጠምኩ፣ ፀጉር በሚያክል መዳብ፤
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዙር፣ አንዱም እንዳይሳሳት በሐሳብ።
አንድ ሺህ መቶ አርባ ላይ መብራት ሄደ።
ቁጥሩም አብሮ ሄደ።
ፈታሁት። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ከንፈሬን ነክሼ በየድኩ፤ ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ።
ሲቀዘቅዝ ካበራ፣ ይለፍ። ግራጫ ከሆነ፣ ውሸቱን ነው፤ እንደገና።
ሣጥኑ የእትዬ አመለወርቅ በር ነው።
እሳቸው ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ ገብተዋል፤
በራቸው ከፍርስራሹ ሥር ቀርቷል።
በመጋዝ ስቆርጠው የቤት ቁጥሩ ተረፈ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ 417።
አልፋቅሁትም። ፊት ለፊት፣ ከስፒከሩ በላይ አደረግሁት።

እሑድ ቀትር ላይ ሰካሁት። አንድ ፊውዝ ሞተ። ሌላ ሰጠሁት።
ቀስ ብሎ፣ አመድ እንደተገለጠለት ፍም፣ መስታወቱ ውስጥ ቀይ ነገር አየሁት።
ትሪው ሞቀ፤
ቤቱ ዳቦ ዳቦ ሸተተ፤
ከስፒከሩ ውስጥ አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና
የጤፍ ዋጋ መናገር ጀመረ።
ጊታሬ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ማንም አልነካው።

ደወልኩ።
«ጮኸ?» አሉ ጋሽ አጥናፍሰገድ።
«ያወራል።»
ሳቁ፣ ሳላቸው እስኪነሳ ሳቁ።
«ከሬዲዮ መሰናበቷን አልነገርሻትማ!
እግሯ ላይ አንድ ሬዚስተር በይጂ፤ ሥራ ቀይረሻል በያት።»
በየድኩ። ሰውዬው ከወሬው መሐል ተቋረጠ፤
ማኛ ስንት እንደገባ ሳይነግረኝ አመለጠ።

ባቲን ጀመርኩ።
ድምፁ ጥርት ያለ አይደለም፣ ጠርዙ ትንሽ ይሻክራል፤
ሌሊቱን ሲያወጋ ያደረ ሰው ጉሮሮ ይመስላል።
ሁለተኛው ዙር ላይ ግድግዳው ተመታ፣
ሦስት ጊዜ።
ግራ እጄ ከክሩ ወደ ኪሱ ሮጠ።
«ጋሽ ደምመላሽ፣ ይቅርታ፣ ቀሰቀስኩዎት?»
«ነቅቻለሁ» አሉ ከጋዜጣው ወዲያ፤
«ምነው ድምፅ ነፈግሽን? ጨምሪው እንጂ!»

ማዞሪያውን አየሁት። ጥጉ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይዞርም።
«ያለው ይኸው ነው፣ ጋሽዬ።»
ዝም አሉ።
ከዚያ የአልጋ እግር ሊሾው ላይ ሲጎተት ሰማሁ፣
ወደ እኔ፣
ወደ ግድግዳው።