ሁለት ሴንቲ

በሌመር ወደብ ዳር፣ ከሸራ ጣራ ሥር፣
ጀልባዬ ያኮሚና በብረት እግር ቆማ ስትከርም ነበር።
ርዝመቷ ሰባት ሜትር፣ ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል፤
በርካሽ ነው የገዛኋት፤ ርካሽ ግን ውሎ አድሮ ሒሳቡን ይጠይቃል።
ሻጩ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ እጄን ሳይለቅ ፈገግ አለ፤
ያኔ ነበር መጠርጠር፤ ማን አስተዋለ!

ሳምንቱን የሰው ቤት መብራት ስዘረጋ ከርሜ
ቅዳሜን ለገዛ ሽቦዬ፣ ሳልጠራ ታድሜ፣
ከሆዷ እገባለሁ በጉልበቴ ድሄ።

ቀዩ ከጥቁሩ ተጠላልፎ፣ ጠፍቷል ውል ማሰሪያቸው፤
ማን ማንን እንዳገባ አይታወቅም ሐረጋቸው።
የኩሽናውን መብራት ሳበራ የመጸዳጃው ፓምፕ ይጮኻል፤
ፓምፑን ሳጠፋ ደግሞ ጡሩንባዋ ያምባርቃል።
የመስኮቷ ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣
ዝናብ በመጣ ቁጥር ፍራሹ ላይ ካርታ ይሥላል።

ልጄ ማርያማዊት፣ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ፣
እኔ የማልገባበት ይገባል ጭንቅላቷ።
«ባትሪ አቀብዪኝ» ስላት
«የቱን?» ትላለች፤ «የሚያበራውን?
ወይስ ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝነውን?»
ቋንቋችን ላይ ትስቃለች፣ በቋንቋችን።

ጎረቤቴ ዳወ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ፣
ያየናል ከጀልባው ሆኖ፣ ሻዩን ሲጠጣ።
ማስቲሹን፣ ብሎኑን፣ አዲሱን ፊውዝ አሳየሁት፤
«ይይዝ ይሆናል» አለ።
ያን ቀን የተናገረው ይኸው ነበረ።

ከሞተሩ ጎን፣ ለሁለተኛው ባትሪ መደርደሪያ ልሠራ፣
ሜትር ይዤ ተንበረከክሁ ከእርሳሴ ጋራ።
ዐሥር ጊዜ ለካሁ፣ አንድ ጊዜ ቆረጥሁ፤
ከአባቶች ምክር አንዲት አላጎደልሁ።
ኮምፔርሳቶው ገብቶ ቦታው ሲቀመጥ፣
ሁለት ሴንቲ ጎደለ።
ሌላ ቆረጥሁ። ጎደለ፣ አሁን በዚያኛው ጫፍ።
መጋዙን ረገምሁ፣ ሜትሩን ረገምሁ፣
የሸጠልኝን ሱቅ ከነባለቤቱ ረገምሁ።

«አባዬ፣ ቆይ!»
እግሯ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ድምፅዋ ከግድግዳው ኋላ፦
«እዚህ ጽሑፍ አለ። በፍሪስኛ ነው፤ በእርሳስ።»
ዐሥራ አንድ ዓመት ቤታቸውን አብርቻለሁ፣
ከቋንቋቸው ግን «ደኅና አደራችሁ»ን ብቻ አውቃለሁ።
እሷ ትምህርት ቤት ተምራዋለች፤
በደረቷ ተኝታ፣ ቀስ እያለች አነበበች፦

«የካቲት፣ ሰማንያ ሰባት። ሁለት ሴንቲ አጠረብኝ።
ደግሜ ቆረጥሁ፤ ደግሞ አጠረ።
የምትመጣው ሰው ሆይ፣ በእንጨቱ አትፍረድ፤
የጀልባዋ ጎን ነው ጠማማ፤
ከፋብሪካም ስትወጣ እንዲሁ ነበረ።
ዊበ»

ሰማንያ ሰባት፣ በእነሱ አቆጣጠር።
እኔ ገና መጋዝ አልያዝሁም ነበር።

ዳወን ጠየቅሁት፤ እጁ ከኪሱ ወጣ።
«ዊበ? ዘጠኝ ክረምት ውስጧ ሠራ፤
ሁለት በጋ ነዳት።»
ከዚያ በላይ አልጨመረም፤
የቴርሞሱን ክዳን አጥብቆ ዘጋው፣ ሻይ ግን አልቀዳም።

የብስኩት ካርቶን ቀደድሁ፣ ከጠማማው ጎን ለጠፍሁ፤
ሜትሩን ኪሴ ከትቼ በካርቶኑ ቆረጥሁ።
እንጨቱ ሄዶ ገባ፣ አንዴ ጠቅ ብሎ፣
ቤቱን እንዳገኘ ሰው፣ ብዙ ተንከራቶ።

ከመዝጋቴ በፊት፣ ከዊበ ጽሑፍ ሥር፣
በእኛው ፊደል ጻፍሁ፦ «እውነቱን ነው። በካርቶን ለካ።»
የሚመጣው ሰው ማንበብ ላይችል ነው፤
ልጄ እርሳሱን ተቀብላኝ ቀስት ሣለችለት፣
ወደ ጠማማው ጎን።
ስድስት ብሎን አሠርን፤ ጽሑፉ ጨለማ ገባ።

ሚያዝያ ላይ ክሬኑ አንሥቶ ቦዩ ላይ አኖራት።
መብራቱን ስጫን መብራት በራ፤
ፓምፑ ዝም አለ፤ ጡሩንባዋም አደብ ገዛች።
የግራው መስኮት ግን አሁንም ያነባል፤
ፍራሹ ላይ አዲስ አገር፣ ዳርቻው እየሰፋ።
ዳወ ገብቶ አየው፣ በጣቱ ዳሰሰው፣
«ይይዝ ይሆናል» አለ።