«ገባችሁ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደምበጫ ላይ ቆሜ፣
እጅጌዬን በጠመኔ አቅልሜ፣
ስጽፍ ስደመስስ፣ ስደመስስ ስጽፍ፣
ፊቴን ለሰሌዳ፣ ጀርባዬን ለልጆች ሰጥቼ ስለፈልፍ፣
መጨረሻው መስመር ላይ ነጥቤን አኑሬ ዞር እልና፣
«ገባችሁ?» እላለሁ።
«አዎ!» ይላል ክፍሉ፣ እንደ «አሜን»፣ እንደ ምስጋና።

ስድሳ ሦስት ጉሮሮ፣ አንድ «አዎ» ብቻ፤
በፈተና ቀን ግን ተፈትቶ ሲታይ ባዶ ስልቻ።

«መሠረት የላቸው፤ ጥፋቱ ከታች ነው» ይላል ምንይችል፤
እኔም «እንዴታ!» እላለሁ፤
ጥፋት ወደ ታች ሲወርድ እንዴት ነው የሚቀል!

ከቢቸና ተዛውራ ኅዳር ላይ የመጣች ይታይሽ የምትባል፣
«ከኋላ ወንበር ላይ ልቀመጥ?» ስትለኝ ልቤ ድንግጥ ይላል።
«ማን ልኮሽ ነው?» አልኳት።
«ማንም። ነገ ደግሞ አንተ የእኔን ታያለህ።»
ሲደወል ደብተሯን ዘረጋችልኝ፦
«ሠላሳ አንድ ጊዜ ‹ገባችሁ?› ብለሃል፤
ጠይቀህ አንድ ትንፋሽ ሳትቆይ ራስህ መልሰሃል።»

ተናድጄ አደርኩ።
በማግስቱ ሄጄ የእሷን ብቆጥር ሃያ ስድስት ሆነ፤
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤
ልቤ ተዝናና፣ ተዝናና፣ ከዚያ አዘነ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ፕላዝማው በሞተበት ክፍል፣
አቧራ በለበሰ ቴሌቪዥን ሥር ወንበር ስበን
አንዲት ጥያቄ ስንፈታ፣ ስንገጥም፣ ስንከፍል
ይመሻል።
የመጀመሪያዋ ጥያቄያችን በይታይሽ ክፍል ሞታለች፤
አንድም ልጅ አልነካት፣ እንደ ቀዘቀዘ ወጥ ተመለሰች።

ጋሽ ቢያልፈው፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣
ከሒሳብ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበሩ፤ አኩፋዳ ነው ያሳደጋቸው።
«እዚያም ቆጠራ ነው» አሉን። «የኔታ ግን ‹ገባህ?› አይሉም፤
‹ቆጥረህ ና!› ብለው ጫካ ይሰዱሃል፤
አንተ ስታምጥ እሳቸው አያምጡልህም።»

የዚያን ቀን መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነበር፦
«ርዝመቱ ስድስት፣ ወርዱ አራት፤ ስፋቱ ስንት ነው?»
ማባዛት፣ መጻፍ፣ መተኛት።
ይታይሽ ሰረዘችው። ጋሽ ቢያልፈው ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡ፣
ጫፍና ጫፉን ቋጠሩ፣ በጣታቸው ወጥረው ወደ እኛ መጡ፦
«ገመዱ እኩል ከሆነ፣ መሬቱ እኩል ነው?»
«እኩል ነው እንጂ!» አለ ምንይችል፣ ሊያሾፍብን መጥቶ በር ላይ የቆመው።
ከዚያ ዝም አለ። ሲባጎውን አየ።
ወንበር ሳበ። ነገሩ ያዘው።

ሰኞ ጠዋት፣ ዘጠነኛ «ለ»።
ጠየቅኩ። ዝም አልኩ።
ዝምታ ለመምህር እንዴት ያለ ዳገት ነው!
ባጃጅ በአስፋልቱ አለፈ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ተንጣጣ፣
አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ ቆጠርኩ በሆዴ፤
መልሱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።
ዋጥኩት።

ከመስከረም ወዲህ ድምጿን ያልሰማሁት ፈንታነሽ ከጥግ ተነሳች፤
መሬት መሬት እያየች አወጋች፦
«የአያቴን መሬት በገመድ ሲያካፍሉ፣
‹ዙሪያው እኩል ነው› ብለው ማሉ።
የአጎቴ ክብ ሊል የደረሰ፣ ድብልብል እንደ ድስት፤
የአባቴ ተምጫን ተከትሎ ቀጥኖ ሄደ እንደ መቀነት።
ለአጥር የምንቆርጠው እሾህ እኩል ነው፤
ጤፉ ግን አይገናኝም፤
ገመዱ ዞሮ ነው የለካው፤ ውስጡን አላየም።»

ክፍሉ ታመሰ። አንዱ «የለም!» አለ፣ አንዱ ሲባጎ ለመነ፣
አንዱ «ታዲያ የትኛው ቅርጽ ይበልጣል?» ብሎ ጨቀጨቀኝ፣ እኔን!
ጠመኔውን ሰጠሁት።
ደወል ተደወለ፤ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ሳይነካ ቀረ፤
«ዕቅዱስ?» ይሉኛል ርዕሰ መምህሩ፤ ይበሉኝ፤
ሲባጎው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበረ።

ይታይሽ ከኋላ ደብተሯን ይዛ መጣች፤
«‹ገባችሁ?› ሁለት ጊዜ» አለች።
«ሁለቱን መቼ አልኩ? ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?» ብዬ ተጣደፍኩ፤
ደብተሩን ዘግታ ዝም አለችኝ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... እኔው ቆጠርኩ።
«አንተስ» አለችኝ፣ «ምን ይመስልሃል?»