ወራጅ አለ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ የነዳ፣
ዊኒፔግን ሁሉ ያደረሰ ማለዳ፣
ጥላዬ ዘንድሮ፣ ጡረታውን ይዞ፣
ሐይቁ ላይ ይውላል እንደ ጉቶ ፈዝዞ።
የሣንቃ ጎጆ ውስጥ፣ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣
ክንድ ያህል በረዶ ክብ አድርጎ ቆርጦ፣
ክር ሰዶ ይጠብቃል።

ሰዓት አያባርረው፣ ተሳፋሪ አይቆጣው፤
ዓሣው ደስ ሲለው ነው ከጥልቁ የሚመጣው።
ስንዱ ትስቃለች፦ «የታለ ያ ዓሣ?
መጥበሻዬ ዛገ፣ ዘይቱን እስኪረሳ!»

ዛሬ ግን ተሳበ።
እንደ ደወል ገመድ ክሩ ሲጎተት፣
ቀኝ እግሩ ተነሣ ፍሬን ሊረግጥለት፤
«ወራጅ አለ!» ብሎ በረዶውን ረገጠ፤
ክሩ ረገበና ዓሣው አመለጠ—
እንደ ብዙው ሰው፣ ሳያመሰግን ወረደ።

ጥላዬም ከልምዱ፣ «ደኅና ዋል» አለና
ክሩን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ እንደገና።