አላደገም

ማዱራይ ሲነጋ፣ ሲመሽም አላይም፤
ምድር ቤት ነው ሥራዬ፣ መስኮት የለኝም።
ከሕፃናት ክፍል፣ በብልቃጥ ታሽጎ፣
ይወርዳል ጠብታ፣ ስሙን በቁጥር ሸሽጎ።

አርባ አንድ ስድስት።
ኢላኪያ ናት።

ሳትደርስ ተወልዳ፣ ጭንቅላቷ ደም ፈሶበት፣
ውኃው መውጫ አጥቶ ግንባሯ ቢያብጥባት፣
ዶክተር ቼዝያን ከጆሮዋ ኋላ ቀጭን ቱቦ ቀብሮ
ወደ ሆዷ ሰደደው፣ ከቆዳዋ ሥር ሰውሮ።

አንድ ወር ደኅና ነበረች። ከዚያ ትኩሳት።
መድኃኒት በመድኃኒት ላይ፣ ባክቴሪያ ፍለጋ።
ሳህኔ ዝም አለ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን።
በሦስተኛው፣
ጠብ ብሎ እንደ ደረቀ ወተት፣ ነጭ ነጥብ፤
በማጉሊያው ሥር፣ እንቡጥ በእንቡጥ ላይ የሚወልድ
እርሾ።

ደወልኩ። «ፈንገስ ነው» አልኩ። ወዲያ ማዶ ዝምታ፣
«ቱቦው ይውጣ» አለ ቼዝያን፣ «ሁሉም፣ ዛሬ ማታ።»
ፕላስቲክ ይወዳል ይሄ፤ ተጣብቆ ይለብሰዋል፣
መድኃኒት ቢዘንብበት ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል።

እናቷ ፖንማላር ኢድሊ ሻጭ ናት፣
ሊጥ አቡክታ የምታድር፣ ኩፍ እንዲል ለጧት።
መንገድ ስታ ምድር ቤት ወርዳ
«ምንድነው እሱ?» አለችኝ።
«እንደ እርሾ ያለ» አልኳት፣ ሳላስብ።
እጆቿን አየቻቸው።
ሳሙና ጠየቀችኝ።
«ካንቺ አይደለም፣ ከሊጥሽም አይደለም» አልኩ፤
ሳሙናውን ግን ሰጠኋት። ብዙ ታጠበች።

ላይ ቤት አምፎቴሪሲን ይንጠባጠባል፣ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ፤
ልጅቷን ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊቷን ነካክሶ።
ከራሷ የሚወጣው ውኃ ከውጭ ከረጢት ይገባል፤
ከረጢቱ በጆሮዋ ልክ ተሰፍሮ ተሰቅሏል፤
ነርሷ ቧንቧውን ሳትዘጋ
እናት እንኳ ልጇን አታነሣ።

በየሁለት ቀኑ ጠብታዋ ወደ እኔ።
አደገ።
አደገ፣ ጥቂት።
ሦስት ነጥብ። ከዚያ አንዲት።

ሰው ለልጅ «እደግ ተመንደግ» ብሎ ይመርቃል፤
እኔ ሳህን ላይ አጎንብሼ «አትደግ» ስል ይነጋል።
ለእናት መርዶ የሚሆን ቃል፣ ለኔ የምሥራች፦
«አላደገም» ብዬ ጻፍኩ፣ ሐሙስ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠች።
ቅዳሜ ደግሞ። ሰኞም።
ቼዝያን ግን አልቸኮለም፤ «ትንሽ እንቆይ» አለ፣
አዲሱን ቱቦ በግራ በኩል ሊቀብር እያሰላሰለ።

አርባ አንድ ስድስት፣
አንቺ እደጊ።

ፖንማላር ገበያዋ ተመልሳለች አሉ፤
ሊጥ ግን አታቦካም።
የተቀቀለ ሩዝ ነው የምትሸጠው።