ጀርባ

ከኩልዲጋ ስንነሣ ገና ነበር ጨለማው፣
ወንዙ አይታይም፤ ከድልድዩ ሥር ድምፁን ነው የምንሰማው።
አሥራ ሰባት ነን፤ አሥራ ሰባት ትንንሽ መብራት፣
ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በሃያ ሰዓት።
ማኅተም የሚመታበትን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ፣
«ብቀርስ?» ብዬ፣
ደግሞ «አፍራለሁ» ብዬ፣
ፔዳሉን ረገጥኩት።

ለዚህ አገር ጥቅምት አንድ አጥንት ምኑም አይደል፣
ብርዱ በጓንት ስፌት ይገባል ጥፍርን ከሥጋ ሊነጥል።
ግንደ ነጭ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው፣
አስፋልቱን ሳሙና አርገው፣
ቆመው ያዩናል።
አንዱ ልጅ መታጠፊያው ላይ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ሳቀ፤
ጉልበቱን ሲያይ ሳቁ አለቀ።

ከታልሲ በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ።
ነፋስም አይባል፤ መዳፉን ደረቴ ላይ አድርጎ
«ወዴት?» የሚል ዘበኛ እንጂ።
ዳገት እንኳ ጫፍ አለው፤ ወጥተው ያርፉበታል፤
ነፋስ ጫፍ የለው፤ በየት ይወርዱታል?

ከፊቴ አንድ ሰው ነበር። ኢልግቫርስ ሲሉት ሰምቻለሁ፤
በያጅ ነው አሉ፣ መርከብ ጠጋኝ፤ ሌላውን በምን አውቃለሁ?
ከኋላው ገባሁ፣ ከጎማው አንድ ክንድ ርቄ፣
በሱ ትከሻ ተከልዬ፣ ከነፋሱ ድርሻዬን ሰርቄ።
አላባረረኝም። ዞሮም አላየኝም።
ጉድጓድ ሲያገኝ በግራ እጁ ወደ መሬት ይጠቁማል፣
መኪና ሲመጣ ክርኑን ያወዛውዛል፤
በቃ፣ ቋንቋችን ይኸው ነው።

ያ ጀርባ እንዲህ ነው፦ ዝናብ ያጠቆረው አረንጓዴ ጃኬት፤
ከቀኝ ትከሻው ኋላ በሰማያዊ ክር የተሰፋ ቅድ።
የሰፋው ሰው መርፌ አያውቅም፣ ወይ ቸኩሏል፤
ሃያ ሦስት ስፌት። ስቆጥረው ነው የመሸው።
ወገቡ ላይ ቀይ መብራት።
ሲደክመው ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፣
የማይታይ ባልዲ የያዘ ይመስላል።

ሊዬፓያ መግቢያ፣ ነዳጅ ማደያው ውስጥ፣
ማኅተም የምትመታው ልጅ ጣቶቼን አየች።
ሁለት የዳቦ ላስቲክ አምጥታ፣
«እግርሽን ጠቅልይበት፣ ከካልሲው በላይ» አለች።
ጫማዬን መፍታት አቃተኝ፤ ተንበርክካ ፈታችልኝ።
ኢልግቫርስ ውጭ ቆሟል፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፤
ይጠብቀኝ ይሁን ያርፍ፣ እንጃ።
ስወጣ ፔዳሉን ረገጠ።

ስንመለስ ነፋሱ ከኋላ ሆነ፤ ይገፋን ጀመር፤
መከለያ አያሻኝም፣ ብቀድመው እችል ነበር።
አልቀደምኩም።
በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መብራቴን ሲያደነግዘው፣
ከዚያች ቀይ ነጥብ ሌላ የማውቀው መንገድ ምን አለ?

አንዴ ሰንሰለቴ ወለቀ። ጣቴ አልታዘዝ አለ።
ቀዩ ነጥብ ሄደ፣ ሄደ፣ ከጥዱ ጫካ ኋላ ጠፋ።
ደህና፣ አልኩ። ደህና ሁን።
ጫካውን አልፌ ስወጣ ግን መንገድ ዳር ቆሞ፣
ሽንቱን የሚሸና መስሎ፣
ዞር ሳይል፣
ነበረ።

ከሌሊቱ ስድስት ተኩል። አዳራሽ። የእንጉዳይ ሾርባ።
የደረስነው አሥራ አንድ ነን።
ወረቀቴ ላስቲኩ ውስጥ ርሶ ማኅተሞቹ ሐምራዊ ኩሬ ሆነዋል።
ብርድ ልብስ የደረበ ሽማግሌ፣ ዓይኑ ውሃ ያቀረረ፣
«ጨው ታቀብይኛለሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣
ሳላየው አቀበልኩት፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነበረ።
ለኢልግቫርስ የምለውን አሰናድቼ፣
ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ስድሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ አብስዬ አምጥቼ።

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ ትቶ ተነሣ፤
ሳህኑን ሊመልስ ዞረ።
ሰማያዊ ክር።

አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ያሰናዳሁት
ለጀርባው ነበር፤ ፊቱ ጨው የጠየቀኝ እንግዳ ነው።
ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ
በሩን በክርኑ ገፋ፣
እኔም ከልማድ፣ ማንኪያዬን እንደያዝኩ፣
ከወንበሬ ብድግ አልኩ።