ስንት ጎደለ?

«ምን አገባህ» ነው የውሻዬ ስም።
ያወጣችው ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን ይማር፤ እኔ አይደለሁም።
አጥር ተደግፎ የቤታችንን ወሬ ለሚለቅም
ለጎረቤታችን ላቶ ላቀው
በየማታው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በውሻው በኩል የምትልከው
መልእክት ነበር። እሷ አለፈች፤ ላቀውም አረጀ፣ ከኔ ጋር ታረቀ፤
ስሙ ብቻ ነው ውሻው ላይ የቀረ፣ ያልታረቀ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳሙና በር፣ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ሲያባራ፣
ከአልጋዬ ሥር የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ሰምቼ ዝቅ ብዬ ብጣራ፣
ወጣ፤ ጢሙ ላይ የብር ወረቀት ቁራጭ ተለጥፎ፣
ጅራቱን እየቆላ፣ የደም ግፊት ኪኒኔን ከነልብሱ ቀርጥፎ።

ለምን ከአልጋ ሥር ነበር? እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።
መጀመሪያ ግን ሌላውን ስህተቴን እናዘዛለሁ፦
ደህና ነው ብዬ፣ ምንም አልሆነም ብዬ፣ ሩብ ሰዓት ቆሜ አየሁት።
ይዘላል። ይጫወታል። ለካ መርዝ ሲገባ አያንኳኳም፤ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ወተት!» አሉ እትዬ ውዴ፣ «ወተት መርዝ ያረክሳል!»
«ጨው በውኃ!» አለ ላቀው፣ «አፉን ፈልቅቀህ ጋተው፣ ያስመልሳል!»
አንዱ ተልባ ይዞ መጣ፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ሆምጣጤ በብርሌ።
ስልክ ደወልሁ። የከብት ሐኪሙ ድምፁ የልጅ ነው፣ ቃሉ ግን የሽማግሌ፦
«አባባ፣ ጨውም ወተትም አይጋቱት፤
ምልክት እስኪያሳይ ብለውም አይጠብቁት፤
ማሸጊያውን፣ የተቀረጠፈውንም ቢሆን፣ ሰብስበው በኪስ፣
ሰዓቱን ይዘው ይምጡ፤ በቶሎ፣ ሳይልፈሰፈስ።
አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ከፓኮው ስንት ጎደለ?»
ዝም አልሁ። «ሃሎ?» አለ። ደግሞ «ሃሎ?» አለ።

ጓዴ ባጃጁን አስነሣ፤ ላቀውም ሳይጠራ ገባ።
መንገዱ ሁሉ በግ፣ ሽንኩርት፣ የገበሬ በትር፣ የመኪና ጡሩንባ።
«ስሙ ማነው?» አለኝ ጓዴ፣ በመስተዋቱ አይቶ ሊያጽናናኝ።
«ምን አገባህ» አልሁት። ተቀየመ፤ እስከ ፒያሳ አላናገረኝ።
ፋሲል ግቢን ስናልፍ፣ ጭኔ ላይ፣ አንገቱ ከበደ፤
ድዱን ገልጬ አየሁ፤ ቀዩ አመድ መስሎ፣ ደሙ ሸሽቶ ሄደ።

ዶክተር አስማረ ሚዛን ላይ አቆመው፤ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ።
የፓኮውን ቀዳዳ በጣቱ ቆጠረና ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣
«ሠላሳ ነበር፤ ስድስት አለ። ከተገዛ ሃያ ቀን ሆኖታል፤
እርስዎ በቀን አንድ ከዋጡ፣ እሱ አራት ብቻ በልቷል።»
ላቀው አጠገቤ ነው፤ ያ የድሮ ጆሮው ቀጥ ብሏል።

ልጄ ሰውነት ከባሕር ዳር በየማታው ሁለት ሰዓት ትደውላለች፤
«አባዬ፣ ወሰድህ?» «ወሰድሁ።» አመስግናኝ ትተኛለች።
እኔ ግን ፓኮውን ከአልጋ ሥር በእግሬ ገፍቼ፣
(እናቷ በሰዓቱ እየዋጠች አይደል የሞተችው?) ሃያ ሌሊት ዋሽቼ።
ውሸቴ ሰው አይጎዳም ብዬ ነበር። ይኸው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፤
አራት እግር አለው፤ ምላሱ ወጥቷል።

«አንድም አልዋጥሁም» አልሁ። «ሃያ አራት ነው።» የሐኪሙ እጅ ፈጠነ፤
የመርፌው ልክ፣ የሰዓቱ፣ የሁሉም ሂሳብ ሌላ ሆነ።
«ማስመለስማ ጊዜው አልፏል፤ እንዲህ ደክሞ ትን ቢለው ይሞታል» አለኝ፤
ያቺ ቆሜ ያየሁባት ሩብ ሰዓት እዚህ ላይ ነው የነከሰችኝ።
ጥቁር የከሰል ዱቄት በጥብጠው በቱቦ ወደ ሆዱ ሰደዱ፤
የፊት እግሩን ላጭተው ፈሳሽ ሰቀሉ፤ መሸ፤ ተማሪዎች መጡ፣ ሄዱ።
አግዳሚው ላይ ላቀው ምንም አልተናገረም፤ የጋቢውን ጫፍ ጣለልኝ፤
በመጨረሻ፣ ጣሪያውን እያየ፣ «ለልጅህ ደውልላት» አለኝ።

ደወልሁ። ያለችኝን አልጽፍም።

ሰኞ ቆመ፤ ተንገዳገደ፤ የሐኪሙን ጫማ አሸተተ።
ፓኮው አሁን ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው፣ በቆርቆሮ ተከተተ።
ማታ በሁለት ሰዓት ባጥር በላይ ራሱን ብቅ ያደርጋል ላቀው፦
«ዋጥህ ወይ?»
«ምን አገባህ!» እለዋለሁ፣ ኪኒኗ ምላሴ ላይ ገና እንደ ሬት መራራ፤
ውሻውም ከጓሮ እየሮጠ ይመጣል፣ እሱን መስሎት የምጣራ።