ማርሚታ

ሻርጃ፣ ሰናዒያ፣ ፀሐይ አናት ስትመታ፣
ብየዳው ከየበሩ ሲተፋ ብልጭታ፣
ሞተሬን እየገፋሁ ከራፊቅ ደጃፍ ደረስኩ፤
በሸሚዜ እጅጌ የዓይኔን ላብ አበስኩ።

«ባሕሩ ነው» አለ፣ ተንበርክኮ እያየ፤
«እዚህ አገር ጨዉ ብረት ከሰው አልለየ።»
በካቻቢቴው ጫፍ ገና እንደ ነካው
በርበሬ የመሰለ ዝገት መዳፉን ሞላው።

እኛ «ማርሚታ» እንላለን፤ ጣልያን ጥሎት የሄደ ቃል።
ራፊቅ የሲያልኮት ሰው ነው፤ «ሳይለንሰር» ይለዋል።
«ምን ማለት ነው?» ስለው ጣቱን ከከንፈሩ አጋድሞ
«እሽሽ» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ፣ ጎንበስ ብሎ ደግሞ።
ዝም ማሰኛ ነው ለካ!
ሳቄ መጣ።
አምስት ዓመት «ነዓም» ብቻ ሲል የኖረ አፍ
ሳይለንሰር መች አጣ?

ዕቃውን ደረደረው፣ ካርቶን አንጥፎ ከመሬት።
ዋናው፣ የፋብሪካው፣ እንደ ሙሽራ ላስቲክ የተከናነበለት፦
አራት መቶ ሃምሳ ድርሃም። አልነካሁትም፤ ለዓይን ብቻ ነው።
ኮፒው፣ የቻይናው፦ መቶ ሃያ፤ መልኩ ያው ነው፣
ያብረቀርቃል።
«ዋስትናው ከዚህ እስከ በሩ ነው» ብሎ ራፊቅ ራሱ ይስቃል።
አጭር ቱቦም አለ፣ አፉ እንደ መለከት የተበረገደ፤
ሌሊት ኮርኒሹን ቀስቅሶ እየነጎደ
ቅጣቱን አባቱ የሚከፍልለት ልጅ ይገዛዋል።
እኔን ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ይሰቅለዋል።

የመጨረሻው ርካሽ፦ ከወደቀ ታክሲ ቆርቆሮ ቆርጦ
ቀዳዳውን መድፈን፣ ጠርዙን አቅልጦ።
የአልጋዬን ኪራይ፣ የኩባንያውን ቁራጭ፣
ከሚሴ የምልከውን፣ ባለፈው ወር የቀረውን
በጣቴ ቆጠርኩና «በይደው» አልኩት።
ሠላሳ አምስት ድርሃም። ጠባሳው ገና እየጋለ ወጣሁ፤
ሞተሩ እንደ ድመት ያንኮራፋል፤ አዲስ ጫማ እንዳደረገ ልጅ ኮራሁ።

ለራፊቅ ግን ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበረ።

ፈይሃ፣ አረንጓዴው በር። አርብ አርብ ማታ ዶሮ አደርሳለሁ።
ሉባባ የምትባል የባቲ ልጅ እዚያ ትሠራለች።
ማርሚታዬ ከተቀደደ ወዲህ ከሁለት መንገድ ማዶ ትሰማኛለች፤
እንደ ሳምባ በሽተኛ እየሳልኩ ስመጣ
የቆሻሻ ፌስታል ይዛ፣ እመቤቷ «ወዴት?» ሳትላት፣ ትወጣለች።
ወሬያችን ዝርዝር እስክቆጥር ነው፤ ቀስ ብዬ እቆጥራለሁ።
«ባቲ ዘነበ ወይ?» ትለኛለች፤
ከሚሴ ለባቲ ጎረቤት ናትና የማውቅ ይመስላታል።

ያን አርብ በዝምታዬ ኮርቼ ደረስኩ።
ዶሮውን አንድ ልጅ ተቀበለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።
ግንቡን ሁለቴ ዞርኩት፤ ነዳጅ ሰጠሁት፤
የራፊቅ እጅ ግን የተባረከ ነው፦ አልጮኸም፣ ምንም።
ክላክስ ላደርግ አሰብኩ። ክላክስ ማንም ያደርጋል።

በማግስቱ «ብሳልኝ» ስለው አፉን ከፍቶ ቀረ።
«ደፍኜው ሳምንት ሳይሞላ?»
«ትንሽ። የመርፌ ቀዳዳ ያህል።»
ትራፓኖውን አነሳ፤ አራት ሚሊ፤ ብረቱ ሲጢጥ አለ።
«ሥራዬን ለማፍረስ ሂሳብ አልቀበልም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

አርብ። ከማዕዘኑ ማርሽ ቀነስኩ።
ከሥሬ ቀጭን ፉጨት፣
ጥርሱ የወለቀ ልጅ እንደሚያፏጨው ዓይነት።
ሞተር አጠፋሁ። ጣቴ ከደወሉ ሳይደርስ፣ ከበሩ ወዲያ፦
«ባቲ ዘነበ ወይ?»

ወደ ቤት ከደወልኩ ወር አልፎኛል።
«ዘንቧል» አልኳት፤
ዝርዝሩንም እንደ ገና፣ ከአንድ፣ መቁጠር ጀመርኩ።